“ፍሬን በጠሰ” ከተባለ በኋላ፡ በመኪና አደጋ ተጠያቂው ማን ነው?

በከተማችን በድሬዳዋ የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር ከለቅሶ ድንኳን እስከ ሻይ ቤት የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፡፡ “ፍሬን በጠሰበት” ትላለች፡፡ እሷ ካልሆነች ደግሞ “ቀኑ ደርሶ ነው” ወይም “የአርባ ቀን ዕድሉ ነው” እንላለን፡፡ ሦስቱም አባባሎች ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ይሆኑ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ሦስቱም ውስጥ ሰው የለም፡፡ ፍሬኑን ሳያስጠግን የቆየ፣ ጭነቱን ከልክ በላይ የጫነ፣ “እስከ ምሽት ገቢውን ካላሞላህ ነገ ቁልፉን አስረክብ” ያለ ሰው አይታይም፡፡

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ሰው በሕጋችን ዓይን መፈለግ ነው፡፡ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደግሞ በየቢሮው ተቀምጠን ደመወዝ የምንበላ ብዙዎቻችን፣ ለተጨማሪ ገቢ ባጃጅ ወይም አይሱዙ ገዝተን ለሾፌር ስንሰጥ “አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው” ብለን በሙሉ ልብ ማመናችን ነው፡፡ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፡፡ ይህም ትናንት የወጣ አዲስ ነገር ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ተጽፎ የኖረ ነው፡፡

ደንገጎ የሚያስተምረን

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት፡፡ ከዚህ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ተሽከርካሪ የደንገጎን ዳገት መውጣት ግድ ይለዋል፡፡ አናቱ ላይ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፡፡ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ከፍታ በጠመዝማዛው አስፋልት ቁልቁል ይወርደዋል፡፡ እኔም በዚህ መንገድ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ፡፡ በደንገጎ ቁልቁለት የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ያልሸተተው የድሬ ልጅ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፡፡

የሽታውን ምንነት በቁጥር እንየው፡፡ ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፡፡ ይህ ጉልበት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት፡፡ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዝለታል፡፡ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል “ፎሌ” አድርጎ፣ ማለትም ማርሹን ከሞተሩ አላቅቆ ከለቀቀው ግን ሙቀቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፡፡ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን እየተወ ይሄዳል፡፡ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ቢረገጥም ባዶ ይሆናል፡፡ በቁልቁለት ላይ “በጠሰ” የምንለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው፡፡

ስለዚህ ፍሬኑ “ከመበጠሱ” በፊት ሰዎች የወሰኗቸው በርካታ ነገሮች አሉ ማለት ነው፡፡ ምን ያህል እንደሚጫን፣ ሸራው መቼ እንደሚቀየር፣ ዓመታዊው ምርመራ በትክክል ተደርጎ ወይስ ለቦሎ ብቻ ተብሎ እንደታለፈ፣ በየትኛው ማርሽ እንደሚወረድ፣ በስንት ሰዓት ታች መድረስ እንዳለበት፡፡ ከነዚህ ውስጥ በሾፌሩ ብቻ የሚወሰነው ማርሹ ነው፡፡ የተቀረው ላይ የባለንብረቱ ወይም የጭነቱ ባለቤት እጅ አለበት፡፡

ችኮላው ከየት ይመጣል?

ሾፌሮቻችን ሲወቀሱ “ነፍሳቸውን የማይወዱ” ይባላሉ፡፡ በአንድ ወቅት አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” የሚል ቅጽል ስም ሰጥተናቸዋል፡፡ ቀልዱ ምሬትን ይገልጻል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም፡፡

በአካባቢያችን የጫት ንግድን እንውሰድ፡፡ ከአወዳይና ከአካባቢው የሚወጣው ጫት ከሰዓታት በኋላ የሚጠወልግ ሸቀጥ ነው፡፡ ዘግይቶ የደረሰ ጫት ዋጋው ይወድቃል፡፡ ስለዚህ የጫት መኪና ሾፌር የሚከፈለው ለኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን ለሰዓቱም ነው፡፡ በባጃጅም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው፡፡ ሾፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ቤንዚኑን ራሱ ይችላል፣ የእሱ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው፡፡ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር ሾፌሩ ለራሱ መሥራት የሚጀምርበት ሰዓት እየራቀ ይሄዳል፡፡ ከመጋላ ከዚራ፣ ከከዚራ ሳቢያን የሚሮጠው ዕብደት ይዞት ሳይሆን ሒሳቡ አልሞላ ብሎት ሊሆን ይችላል፡፡

የችኮላው ዋጋ ግን በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል፡፡ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፡፡ ከቆመ መኪና ኋላ 15 ሜትር ላይ ሕፃን ብቅ ቢል ሾፌሩ እግሩን ወደ ፍሬን ሳያነሳ ይደርስበታል፡፡ በ30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ ማሰቢያውንም ማቆሚያውንም ጨምሮ በደረቅ አስፋልት ላይ 13 ሜትር ያህል በቂው ነበር፡፡ ሕፃኑ ይተርፋል፡፡

የአገራችንን ሁኔታ ለማሳየት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ኢትዮጵያ ለእ.ኤ.አ. 2016 ያሳወቀችው የመንገድ አደጋ ሞት 4,352 ነበር፡፡ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን 27,326 ነው፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ20,000 በላይ ነው፡፡ ግምቱ እውነት ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ በመንገድ አደጋ መዝገብ ላይ አልሰፈሩም፤ መዝገብ የሌለው ሟች ደግሞ ተጠያቂ ሊገኝለት አይችልም፡፡ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰዎችን ያሳፈረ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሲሞቱ መላው አገር ደንግጧል፡፡ የጭነት መኪና ሰው ጭኖ ሲሄድ ማየት ግን ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም፡፡

በወንጀል፡ “ምን አጠፋ?”

ወደ ሕጉ እንግባ፡፡ አንድ አደጋ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያስነሳል፡፡ የመጀመሪያው የወንጀል ጥያቄ ነው፡፡ እዚህ ላይ ሰው የሚቀጣው ባጠፋው ጥፋት ልክ ነው፡፡

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፡፡ ተራው ቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል፡፡ ጥፋተኛው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከመቀጮ ጋር ነው፡፡ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ ወይም ሾፌሩ በግልጽ የተደነገገ ደንብ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም በአልኮል መጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፡፡

ከዚህም ሌላ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 አለ፡፡ ለሞት የሚያሰጋ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደ ሰው ይጠየቃል፡፡ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፡፡ “ዘመዶቹ ይደበድቡኛል ብዬ ሸሸሁ” የሚለው ምክንያት በአካባቢያችን የተለመደ ነው፡፡ ሥጋቱ እውነት ሊሆን ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማሳወቅና አምቡላንስ ማስጠራት አንድ ነገር ነው፤ ታርጋ ሸፍኖ መጥፋት ደግሞ ሌላ ነው፡፡

በፍትሐ ብሔር፡ “የማን ነው?”

ሁለተኛው የካሳ ጥያቄ ነው፡፡ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፡፡ ይነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ነፃ አይሆንም፡፡ ነፃ የሚወጣው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ነው፡፡

አንቀጽ 2086 ደግሞ የሚታወቁትን መከላከያዎች አንድ በአንድ ይዘጋል፡፡ ባለቤቱ “እኔ ምንም አላጠፋሁም” ቢል፣ “የአደጋው ምክንያት አይታወቅም” ቢል፣ “ለመከላከል የምችለው አልነበረም” ቢል አያድነውም፡፡ “ፍሬን በጠሰ” ማለት እንግዲህ በካሳ ክርክር ዋጋ የለውም፡፡ እንዲያውም የባለቤቱ ንብረት ብልሽት ለጉዳቱ ምክንያት እንደነበረ ማመን ነው፡፡ ኃላፊነቱን የሚቀንሰው ወይም የሚያስቀረው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፡፡ ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል፡፡

የሕጉ አመክንዮ ቀላል ነው፡፡ መኪና ጥቅም የሚሰጥ፣ ነገር ግን በባሕርዩ አደገኛ የሆነ ንብረት ነው፡፡ ጥቅሙን የሚሰበስብ ሰው አደጋውንም ይሸከም ተባለ፡፡ ካሳ ለመጠየቅ የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ ባለቤትነቱንና ጉዳቱን ማስረዳት ይበቃል፡፡

አንድ ምሳሌ ልስጥ፡፡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ባጃጅ ገዝቶ ለአንድ ወጣት በቀን ገቢ ሰጠ እንበል፡፡ ወጣቱ እሑድ ከሰዓት ቁልፉን መንጃ ፈቃድ ለሌለው ጓደኛው ያውሰዋል፡፡ ጓደኛው ሳቢያን ውስጥ አንዲት ተማሪ ገጭቶ እግሯን ይሰብራል፡፡ በወንጀል የሚጠየቀው በቅድሚያ የነዳው ነው፡፡ ቤቱ ተኝቶ የነበረው ባለንብረት አይታሰርም፡፡ የካሳው ክስ ሲመጣ ግን ስሙ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፡፡ ከፍሎ ሲያበቃ ከወጣቶቹ ጋር የሚኖረው ሒሳብ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ ልጅቷን አይመለከታትም፡፡

ለመኪና ባለቤቶች መታወቅ ያለባቸው ሌሎችም ነጥቦች አሉ፡፡ ተቀጣሪ ሾፌር በሥራው ላይ እያለ ላጠፋው ጥፋት ቀጣሪው በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል፡፡ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ በአንቀጽ 2084 እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ ጉዳቱ ለሁለት ይካፈላል፤ ይህ የሚለወጠው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው፡፡ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ግመል ገብቶ አደጋ ቢፈጠር የእንስሳው ባለቤትም ኃላፊነት አለበት፡፡ አንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም ባለቤቱን ይጠይቃል፡፡ በመጨረሻም መኪና “በውክልና” ሸጠው ስም ሳያዛውሩ ዓመታት ለሚቆዩ ወገኖች አንድ ቃል፡፡ ሊብሬው በእርስዎ ስም እስካለ ድረስ አደጋ ሲደርስ በቅድሚያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት፡፡ መሸጥዎን የማስረዳቱ ጣጣም የእርስዎ ይሆናል፡፡

ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣስ? አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ እንደማይገደድ ይደነግጋል፡፡ “ፍርድ ቤት ለቆታል፣ አለቀ” ብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ቤተሰቦች መብታቸውን ሳያውቁ ትተውታል ማለት ነው፡፡

ካሳው ስንት ነው?

መርሁ ካሳ ከጉዳቱ እኩል ይሁን የሚል ነው፡፡ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ ይታሰባል፡፡ ሰው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ ያጡትን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ፡፡ ለኅሊና ጉዳት ግን ሕጉ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይሰጥ ገደብ አስቀምጧል፡፡ በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፡፡ ዛሬ የአንድ አይሱዙ ጎማ ሩብ ዋጋ አይሞላም፡፡ ልጇን ላጣች እናት በሕግ የሚሰጠው የሐዘን ካሳ ይህ መሆኑ ማንንም የሚያሳፍር ነውና ማሻሻያ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፡፡

በሌላ በኩል የሦስተኛ ወገን መድን አለ፡፡ ግዴታ ሆኖ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል፡፡ የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ መድን ሰጪው ለሞት የሚከፍለው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ ከፍ ተደርጓል፡፡ ዋናው ቁም ነገር የመድኑ ጣሪያ የባለቤቱ ኃላፊነት ጣሪያ አለመሆኑ ነው፡፡ ጉዳቱ ከመድኑ ከበለጠ ልዩነቱ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል፡፡ አዋጁ በአደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለውም ይደነግጋል፡፡ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፡፡ “መኪናው አልታወቀምና ምን ይደረጋል” ብሎ መቀመጥ ተገቢ አይደለም፡፡

ሽማግሌዎችና ፍርድ ቤት

በድሬዳዋ የመኪና አደጋ ያለ ሽማግሌ አያልቅም፡፡ በኦሮሞው ዘንድ ጉማ፣ በሶማሌው ዘንድ ማግ፣ በሌላውም ዕርቅና ሽምግልና አለ፡፡ እንዲህ ያለ ሸንጎ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፡፡ ፍርድ ቤት ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራል፡፡ ቂምን ያበርዳል፣ የሟች ቤተሰብና የሾፌሩ ቤተሰብ በአንድ ገበያ እንዲገናኙ ያደርጋል፡፡ ይህን ባህል ማጣጣል አይገባም፡፡

ሆኖም ሁለት ነገር መለየት አለበት፡፡ አንደኛ፣ ዕርቁ የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፡፡ ቅጣት ለማቅለል ግን ሊረዳ ይችላል፡፡ ሁለተኛ፣ በዕርቁ ላይ የሚፈረም ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፡፡ ልጃቸው ገና ድልጮራ ሆስፒታል ተኝቶ እያለ፣ እግሩ ይቆረጥ ይዳን ሳይታወቅ፣ “ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም” ብለው ለሕክምና ጥቂት ብር ተቀብለው የሚፈርሙ ወላጆች አሉ፡፡ የሽማግሌዎቹ ልብ ቅን ቢሆንም ወረቀቱ የልጁን የወደፊት ዕድሜ ይዘጋል፡፡ ለሽማግሌዎቻችን የማቀርበው ልመና፣ ዕርቁ ይፈጸም፣ የሐዘኑም ወግ ይድረስ፣ የካሳው ውል ግን የሐኪም የመጨረሻ ማስረጃ እስኪመጣ ይቆይ የሚል ነው፡፡

መቆየት ሲባል ግን ገደብ አለው፡፡ የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፡፡ ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ የሚሠራው ረዥሙ ነው፡፡ ቢሆንም በዚህ ተማምኖ መዘግየት ምስክርንም ማስረጃንም ማጣት ነው፡፡

በእጃችን ያለው

አደጋ ከደረሰ ተጎጂውን ማንሳት፣ ለፖሊስ ማሳወቅ፣ የታርጋ ቁጥሩን መያዝ፣ የመድን ምልክቱን ማየት፣ የምስክሮችን ስም መመዝገብ፣ ከሆስፒታል የሚሰጥ ወረቀት ሁሉ ማስቀመጥ የቤተሰብ ሥራ ነው፡፡ የፖሊስ ፕላንና የሐኪም ማስረጃ የሌለው ክስ ብዙ አይራመድም፡፡

ከአደጋው በፊት ያለው ሥራ ደግሞ የእኛ የባለንብረቶች ነው፡፡ ገቢ ስንቀበል “ሞላ ወይ?” ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ “ሸራው መቼ ተቀየረ?” ብለን እንጠይቅ፡፡ የምንቆርጠው ገቢ አንድ ሰው በጤና ነድቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ዕረፍት አድርጎ ሊያገኘው የሚችለው መሆኑን አንድ ቀን አብረነው ተቀምጠን እናስላ፡፡ ሾፌሩ “ይህ መኪና ዛሬ ደንገጎን አይወርድም” ሲለን ደመወዙን ሳንቆርጥ እንስማው፡፡ ይህን ማድረግ ቸርነት አይደለም፡፡ ሕጉ ኃላፊነቱን አስቀድሞ በእኛ ስም አስፍሮታል፤ ክፍያው የሚጠየቀው ግን አንድ ቤተሰብ ሰው ካጣ በኋላ ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡